የማታ ጥናት ክፍላችን መብራት ለምን ጠፋ? ባትሪ ስንመርጥ ማወቅ ያለብን



በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ ባትሪ ነው። «ባትሪ ደግሞ ምን ያነጋግራል? ገዝቶ መጠቀም ነው እንጂ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም እንደዚያው ብለን ነበር። ያልነው ነገር ምን እንዳስከፈለን ስታነቡ ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ለአራተኛ ፎርም ተማሪዎች የማታ ጥናት ክፍል ለመክፈት አሰብን። አብዛኛው ተማሪ ቤቱ መብራት የለውም። ቀን ደግሞ ውሃ መቅዳት አለ፣ ራሽን መሰለፍ አለ፣ ታናናሾችን መጠበቅ አለ። ስለዚህ ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ተረጋግቶ የሚያነብበት ሰዓት ማታ ብቻ ነው። ወላጆችና መምህራን ከኪሳችን አዋጣን። አንድ የሶላር ፓኔል፣ 6 አምፖልና አንድ 70 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ ተገዛ። የመጀመሪያው ማታ መብራቱ ሲበራ እልልታ ነበር።

ደስታችን አራት ወር አልሞላም። መጀመሪያ መብራቱ በሦስት ሰዓት ፋንታ በሁለት ሰዓት ተኩል መፍዘዝ ጀመረ። ቀጥሎ በሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ተኩል። በመጨረሻ ፈተናው ሳምንታት ሲቀሩት ጭራሽ ጠፋ። ልጆቹ በስልክ መብራት ማንበብ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ቀሩ።

አንድ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያረጁ የካምፓችን ነዋሪ ጠርተን አሳየናቸው። ባትሪውን አዩት፣ ገመዱን ተከተሉ፣ ከዚያም «ልጆቼ፣ እናንተ የገዛችሁት የጉግስ ፈረስ ነው። ለእርሻ ደግሞ የሚያስፈልገው በሬ ነበር» አሉን። ነገሩን ቁጭ አድርገው አስረዱን። እኛም የተማርነውን ለእናንተ እናካፍላለን፤ ሌላ ክፍል በእኛ መንገድ እንዳይሄድ።

የሠራነው ስህተት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለሥራው የማይሆን ዓይነት ባትሪ ገዛን። ሁለተኛ፣ በማታ ምን ያህል ኃይል እንደምንጠቀም አልቆጠርንም። ሦስተኛ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ ሲወርድ የሚያቋርጥልን መሣሪያ አላስገባንም። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

ባትሪ ውስጥ ምን አለ?

በብዛት የምናየው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ይባላል። እርሳስ ስንል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ጊዜውም 1859 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ባትሪው ውስጥ 6 ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስድስቱ ተቀጣጥለው 12.6 ቮልት ያህል ይሆናሉ። በየክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሌቶች በተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ፖዘቲቩ ፕሌት እርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ ኔጋቲቩ ደግሞ ስፖንጅ የመሰለ ንጹሕ እርሳስ ነው።

አምፖሉን ስናበራ ሁለቱም ፕሌቶች ከአሲዱ ጋር ተዋህደው ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ስናደርገው ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰልፌቱ ይሟሟል፣ አሲዱ ይጠነክራል። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ የሚኖረው ይህ መመላለስ በደንብ ሲካሄድ ነው።

ባትሪው ወርዶ ለቀናት ከተቀመጠ ግን ሰልፌቱ እየደደረ ክሪስታል ይሠራል። የደደረ ሰልፌት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ያ የፕሌት ክፍል ሞተ ማለት ነው። የኛ ባትሪ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሞተው በዚህ መንገድ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የእርሳስ ባትሪን ከመጠቀም ይልቅ ባዶ አድርጎ ማሳደር ነው የሚገድለው።

ፈረሱና በሬው

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ቁልፉ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር መስጠት አለበት። ይህን ለመቻል ብዙ ቀጫጭን ፕሌቶች ይደረድሩበታል፤ አሲዱ የሚነካው ስፋት እንዲበዛ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው ወዲያው መልሶ ይሞላዋል። እንዲህ ስለሆነ የመኪና ባትሪ በሕይወቱ ሙሉ ጠግቦ ነው የሚኖረው። ለአንድ አፍታ ይሮጣል፣ ከዚያ ያርፋል።

የማታ መብራት ግን እንዲህ አይደለም። የሚፈልገው አምፔር ትንሽ ነው፤ ሰዓቱ ግን ረጅም ነው። በየማታው ባትሪው ይወርዳል፣ በየቀኑ ይሞላል። ቀጫጭኖቹ ፕሌቶች ይህን መመላለስ አይችሉትም። በላያቸው የተለጠፈው ነገር እየረገፈ ከታች ይጠራቀማል፤ የባትሪው አቅምም ይቀንሳል።

ለዚህ ሥራ የተሠራው «ዲፕ ሳይክል» የሚባለው ባትሪ ነው። ፕሌቶቹ ጥቂትና ወፍራም ናቸው። እንደ ፈረሱ አይሮጥም፤ እንደ በሬው ግን ቀኑን ሙሉ ይጎትታል። ገበያ ላይ «ሶላር ባትሪ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልንበት ምክንያት አለን፤ የመኪና ባትሪ ላይ የሶላር ወረቀት ለጥፎ የሚሸጥም አይጠፋም። እንዴት እንደምትለዩት ወደ ታች ታገኛላችሁ።

አራቱ ዓይነቶች

ለክፍል መብራት ሊሆኑ የሚችሉ አራት ዓይነት ባትሪዎች አሉ።

1. ውሃ የሚጨመርበት ዲፕ ሳይክል፦ ከአራቱ ዋጋው አነስተኛው ይህ ነው። ሙቀትንም ሆነ ትንሽ የአያያዝ ጉድለትን በመጠኑ ይችላል። ግን በየወሩ መክፈትና ውሃ ማየት ያስፈልጋል። ቻርጅ ሲሆን ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል።

2. ኤ.ጂ.ኤም.፦ የታሸገ ነው። አሲዱ በመስታወት ጭረት በተሠራ ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተቀመጠ ስለሆነ አይፈስም። ውሃ አይጨመርበትም። ዋጋው ከመጀመሪያው ከፍ ይላል።

3. ጄል፦ ይህም የታሸገ ነው፤ አሲዱ እንደ አጥሚት ወፍሮ የረጋ ነው። በጥልቀት መውረድን ከኤ.ጂ.ኤም. በተሻለ ይችላል። ነገር ግን ቻርጅ ሲደረግ ቮልቱ ከፍ ካለበት ይበላሻል። ኮንትሮለሩ የጄል ምርጫ ከሌለው ጄል አትግዙ።

4. ሊቲየም አይረን ፎስፌት፦ አዲሱ ዓይነት ነው። ክብደቱ ከእርሳሱ ግማሽ አይሞላም። አቅሙን 80 ከመቶ ድረስ ብንጠቀምበት አይጎዳም፤ ከ2,000 ጊዜ በላይ መውረድና መሙላት ይችላል። ውሃ የለ፣ ጋዝ የለ። በውስጡ ራሱን የሚጠብቅበት ኤሌክትሮኒክስ አለው። ዋጋው ግን ሲገዛ ከፍ ያለ ነው። ኮንትሮለሩም ለሊቲየም የሚሆን መሆን አለበት።

የትኛው ይሻላል? መልሱ ገንዘባችሁንና የሚንከባከበውን ሰው ይከተላል። በየወሩ ውሃ የሚያይ አንድ ኃላፊ ካላችሁ የመጀመሪያው ደህና ነው። ኃላፊው በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ግን የታሸገ መግዛት ይሻላል። ገንዘቡ ከተገኘ አራተኛው ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ስሌቱን እንሥራ

ሁለተኛው ስህተታችን አለመቁጠር ነበር። እስቲ አሁን እንቁጠር። የፊዚክስ መምህራን ይህን ለክፍል ልምምድ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በማታ የምንጠቀመውን ኃይል በዋት-ሰዓት እናውጣ። ዋቱን በሰዓቱ ማባዛት ነው።

6 የኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 6 × 7 × 4 = 168 ዋት-ሰዓት።
1 ላፕቶፕ፣ 40 ዋት፣ ለ2 ሰዓት፦ 40 × 2 = 80 ዋት-ሰዓት።
ድምር፦ 248፤ በግርድፉ 250 ዋት-ሰዓት።

ይህንን በ12 ቮልት ስናካፍለው 21 አምፔር-ሰዓት ያህል ይመጣል። የኛ ባትሪ 70 ነበር። ታዲያ 21 ከ70 ውስጥ ምን አላት? አልበዛም። እኛም በልባችን የገመትነው እንዲህ ነበር።

ያልቆጠርነው ስልኩን ነው! በየማታው 20 ያህል ስልክ ይሰካ ነበር። አንድ ስልክ ለመሙላት 12 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 20 × 12 = 240 ዋት-ሰዓት። ይህም ማለት ስልኮቹ ብቻቸውን ከመብራቱና ከላፕቶፑ ጋር እኩል ይበሉ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 490 ዋት-ሰዓት፣ ወይም 41 አምፔር-ሰዓት ሆነ። 70 ውስጥ 41 ማለት በየማታው ባትሪውን 58 ከመቶ ማውረድ ነው። ያውም ለመውረድ ያልተሠራ የመኪና ባትሪ! ደመና ያለበት ቀን ሲጨመርበት ደግሞ ሳይሞላ ያድርና በነጋታው እንደገና ይወርዳል።

ለእርሳስ ባትሪ የሚመከረው ከግማሽ በታች አለማውረድ ነው። ባነሰ መጠን በወረደ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት ይህን ይመስላል፦

የአንድ ማታ ፍጆታ (ስልክ ሳይጨምር)፦ 21 አምፔር-ሰዓት።
ፀሐይ ባይወጣ ለሁለት ማታ እንዲበቃ፦ 21 × 2 = 42።
ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም፦ 42 × 2 = 84 አምፔር-ሰዓት።

ገበያ ላይ ከዚህ ቀጥሎ ያለው 100 አምፔር-ሰዓት ነው፤ እሱን እንገዛለን። ሊቲየም ከሆነ ግን ቮልቱ 12.8 ስለሆነና 80 ከመቶ ስለምንጠቀም፣ 500 ዋት-ሰዓት ለ12.8፣ ከዚያ ለ0.8 ስናካፍል 49 ይመጣል። ባለ 50 አምፔር-ሰዓት ይበቃል።

ፓኔሉስ? ባትሪ ሲሞላ፣ ገመድ ሲሞቅ፣ ፓኔል ሲቆሽሽ የሚባክን አለ። 250ን ለ0.7 ስናካፍል 357 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የኛ አካባቢ ፀሐይ ብዙ ነው፤ ለጥንቃቄ ግን በቀን 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ብለን እናስብ። 357 ለ5 ሲካፈል 71 ዋት ነው። ስለዚህ ቢያንስ 100 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል፤ 150 ዋት ቢሆን ከደመና ቀን በኋላ ባትሪው ቶሎ ይሞላል።

ስልክን በተመለከተ መፍትሔው መከልከል ሳይሆን ሰዓቱን መቀየር ነው። ስልክ ቀን፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ ይሰካ። ማታ ባትሪው ለደብተር ብቻ ይሁን።

ርካሹ ውድ፣ ውዱ ርካሽ

«100 አምፔር-ሰዓት ዲፕ ሳይክል ዋጋው አይቀመስም» ትሉ ይሆናል። እኛም መኪና ባትሪ የገዛነው ርካሽ ስለሆነ ነው። ግን ባትሪ በአንድ ጊዜ ዋጋ አይለካም፤ በአንድ ማታ ዋጋ ነው የሚለካው። ቀጥሎ ያለው ዋጋ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የመደብነው ነው፤ እናንተ የገበያውን ዋጋ ጠይቃችሁ አስገቡ። ጥናት በወር 25 ማታ አለ እንበል።

የመኪና ባትሪ 9,000 ሺሊንግ፣ 5 ወር ቢያገለግል 125 ማታ ነው። በአንድ ማታ 72 ሺሊንግ።
ዲፕ ሳይክል 21,000 ሺሊንግ፣ 30 ወር ቢያገለግል 750 ማታ ነው። በአንድ ማታ 28 ሺሊንግ።
ሊቲየም 36,000 ሺሊንግ፣ 7 ዓመት ቢያገለግል 2,100 ማታ ነው። በአንድ ማታ 17 ሺሊንግ።

እንግዲህ ርካሹ የቱ ነው? ርካሽ ብለን የገዛነው ከሁሉም ውድ ሆኖ አገኘነው። በዚያ ላይ በፈተና ወቅት የጠፋው መብራት በሺሊንግ አይተመንም።

ለትንሽ የዓሣ ጀልባ ቢሆንስ?

አንድ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀን፤ «ቱርካና ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በጀልባው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢገጥም ይኸው ባትሪ ይሆነዋል?» አለ። በዓይነቱ አዎ፤ ለጀልባ ሞተርም የሚመከረው ዲፕ ሳይክል ነው። በስሌቱ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ።

ባትሪው ላይ «100 አምፔር-ሰዓት» ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው። ማለትም በ5 አምፔር። የእርሳስ ባትሪን በኃይል ስንጎትተው ግን የሚሰጠን ጠቅላላ መጠን ይቀንሳል። ይህን በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1897። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ በዝግታ የሚሄድ ሩቅ ይደርሳል፣ የሚሮጥ መንገድ ላይ ይቀራል።

ትንሽ የጀልባ ሞተር በሙሉ ፍጥነት 30 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ዝም ብለን ብናሰላ ከ100 ግማሹ 50፣ ለ30 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በእውነቱ ግን በ30 አምፔር ሲጎተት ባትሪው የሚሰጠው 70 አምፔር-ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ግማሹ 35፤ ለ30 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ሊቲየም ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፤ 80 ለ30 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሰጣል።

ቱርካና ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ስሌት የሳተ ሰው ወደ ዳር መመለስ ሊያቅተው ይችላል። እዚያ የተሳሳተ ሒሳብ መብራት አይደለም የሚያጠፋው፣ ነፍስ ነው። ስለዚህ ለጀልባ የሚገዛ ሰው ለመሄድ ሲሶ፣ ለመመለስ ሲሶ፣ ለክፉ ቀን ሲሶ ብሎ ይመድብ፤ መቅዘፊያውንም ቤቱ አይተው።

የኛ ክፍል ላይ ይህ ችግር ትንሽ ነው። መብራቱና ላፕቶፑ አንድ ላይ ቢሠሩ እንኳ 7 አምፔር አይሞላም። ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰውዬ እኛ ነን።

ሱቅ ስትገቡ

ገንዘቡን ይዛችሁ ስትሄዱ እነዚህን አትርሱ።

ሀ. ጽሑፉን አንብቡ። «ሲ.ሲ.ኤ.» የሚል ቁጥር ጎልቶ ከተጻፈበት የሞተር ማስነሻ ነው። የምትፈልጉት አምፔር-ሰዓት የተጻፈበትን፣ ከጎኑም ሲ20 ወይም ሲ10 የሚለውን ነው። ሲ20 በ20 ሰዓት፣ ሲ10 በ10 ሰዓት ሲወርድ ማለት ነው።

ለ. አንሱት። የእርሳስ ባትሪ አይዋሽም፤ እርሳስ ካለበት ይከብዳል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ዲፕ ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ 100 ነኝ ካለ አትመኑት።

ሐ. የተሠራበትን ቀን ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ሳይሞላ ከስድስት ወር በላይ የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሰልፌት ጀምሮታል።

መ. ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ የእርሳስ ባትሪ ከ12.5 ቮልት በታች ካነበበ ሌላ አውጡልኝ በሉ።

ሠ. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። ኮሚቴው በፋይል ያስቀምጠው።

ረ. አሮጌና አዲስ ባትሪ አንድ ላይ አታያይዙ። አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ኮንትሮለሩ፦ ሦስተኛው ስህተት

ቻርጅ ኮንትሮለር በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ነው። ሁለት ሥራ አለው። ባትሪው ሲሞላ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ይቆጣጠራል፤ ባትሪው ሲወርድ ደግሞ መብራቱን ያቋርጣል። እኛ ኮንትሮለር ነበረን፤ ነገር ግን አምፖሎቹ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ነበር የተቀጠሉት። ስለዚህ ባትሪው ሲደክም «ይብቃ» የሚል አልነበረም። አምፖልና ስልክ ሁሉ ኮንትሮለሩ ላይ የአምፖል ሥዕል ካለበት ቦታ ይቀጠሉ።

ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ መብራቱ ይያዛል። ሲፈታ በተቃራኒው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ፊውዝ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከቃጠሎ ግን ያድናል።

እንክብካቤ

ሙቀት። የኛ ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ ያልተለመደ አይደለም። የእርሳስ ባትሪ የሚስማማው 25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት። ከግድግዳው ጥላ በኩል መሬቱ አጠገብ፣ እንጨት ላይ፣ አየር በሚገባበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ውሃ። በየወሩ ክዳኑን ክፈቱ። ፕሌቶቹ መታየት የለባቸውም። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለበት ፕሌቶቹን ያበላሻል። አሲድ አይጨመርም። ውሃ የሚሞላው ባትሪው ቻርጅ ከሆነ በኋላ ነው፤ አለዚያ ሲሞላ ይፈሳል።

ቮልት። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ፣ ምንም ሳይበራ ለኩ። የእርሳስ ባትሪ እንዲህ ይነበባል፦

12.7 ገደማ፦ ሙሉ
12.4፦ ሦስት አራተኛ
12.2፦ ግማሽ
12.0፦ ሩብ
11.8፦ ባዶ

በየቀኑ ደብተር ላይ መዝግቡት። ቁጥሩ ሳምንት በሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ወይ የሚወጣው በዝቷል፣ ወይ ፓኔሉ አቧራ ለብሷል። የካኩማ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ፓኔሉን በሳምንት ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ጥንቃቄ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ይፈነዳል። ኩራዝ፣ ሻማና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ቶሎ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። መፍቻ ሁለቱን የባትሪ ራሶች እንዳያገናኝ ተጠንቀቁ፤ ቀለበትም አውልቁ።

የሞተው ባትሪ የት ይሄዳል?

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም አይተናነስም። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናት። ወደ ደም ሲገባ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል። አንድ አስተማሪ ሊያስተካክለው የማይችለው ጉዳት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ኬንያ ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል መንደር አለ። በአጠገቡ የተከፈተ ፋብሪካ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ ያወጣ ነበር። የመንደሩ ሰዎችና ልጆች በእርሳስ ተመረዙ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች ሴት የራሷ ልጅ በመታመሙ ተነስታ ታገለች፤ በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሸለመች። በ2020 ፍርድ ቤት ለመንደሩ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሳ ፈረደ፤ ክርክሩ ቀጥሎ በ2024 ዲሴምበር የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳውን አጸናው።

ስለዚህ ልጆች አሮጌ ባትሪ ሰብረው እንዲጫወቱበት አትፍቀዱ። አሲዱን መሬት ላይ አታፍስሱ። እርሳሱን ቤት ውስጥ የሚያቀልጥ ሰው ካያችሁ ንገሩት፣ አስተምሩት። አሮጌው ባትሪ ሳይሰበር፣ ቆሞ፣ ወደተገዛበት ሱቅ ይመለስ፤ አዲስ ስትገዙ ብዙ ሱቆች የአሮጌውን ዋጋ ይቀንሱላችኋል።

ለማጠቃለል

ለሥራው የተሠራውን ባትሪ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ስልኩንም ጭምር። ከግማሽ በታች አታውርዱ፣ ባዶ አታሳድሩ። ጥላ፣ የተጣራ ውሃ፣ ንጹሕ ፓኔል፣ አንድ መዝጋቢ። በቃ ይኸው ነው።

እኛ በሁለተኛው ዙር ገንዘብ ስናዋጣ እናቶች እንደ መጀመሪያው ቶሎ አልሰጡንም። እውነታቸውን ነው። ደብተሩን ይዘን ስሌቱን ካሳየናቸው በኋላ ግን አንዷ «አሁንስ ገባኝ፤ ማታ ስልኬን አላመጣም» አሉ። መብራቱ ተመልሷል። ጠዋት ቴስተሩን የምትይዘው አንዲት የሦስተኛ ፎርም ተማሪ ናት፤ እስካሁን ከ12.4 በታች አልመዘገበችም።

ጥያቄ ለተማሪዎች

1. አንድ ክፍል 8 አምፖል አለው፤ እያንዳንዱ 5 ዋት ነው፤ በማታ ለ3 ሰዓት ይበራል። ለሁለት ማታ እንዲበቃ፣ ከግማሽ በታች ሳይወርድ፣ ስንት አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ያስፈልገዋል?

2. ጠዋት ስትለኩ 12.2 ቮልት አገኛችሁ፤ ቀኑ ደግሞ ደመና ነው። ማታ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1) 8 × 5 × 3 = 120 ዋት-ሰዓት፤ ለ12 ሲካፈል 10፤ ለሁለት ማታ 20፤ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም 40 አምፔር-ሰዓት። ገበያ ላይ ከ40 በላይ የሚገኘውን፣ ለምሳሌ 50፣ መግዛት ነው። 2) ባትሪው ግማሽ ላይ ነው። ማታ ከመጀመራችሁ በፊት እንደገና ለኩ፤ ካልጨመረ አምፖሉን ቀንሱ ወይም ለአንድ ማታ አሳርፉት። አንድ ማታ ማረፍ አንድ ዓመት ከመጨለም ይሻላል።

መልካም ጥናት!